ሃያ አራተኛው ፈተና

ኢፋ ኢዶሳ የሞተው እሁድ ረፋድ ላይ፣ የነቀምቴ ሰው እኩሌታው ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ሰዓት ነው። ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ጌም ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ኮምፒውተር ሥር በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። በአንድ እጁ የጠረጴዛውን እግር ጨብጧል። ስክሪኑ እንደበራ፣ ማውሱም እንደተሰካ ነበር።

ኢንስፔክተር ብፅዓት ሀብተጊዮርጊስ ስትደርስ በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ቆመዋል። ሳጅን ባቻ ገና ሳትገባ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶ ጠበቃት።

«አስም ነው» አላት። «ከልጅነቱ ጀምሮ ነበረበት። ሐኪሙ አይቶታል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ረፋድ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ነው የሞተው ብሏል። አባትየው ከጉቶ ጊዳ መጥተዋል፤ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ሊቀብሩት ነው።»

«መድኃኒቱስ?»

«አጠገቡ አልነበረም። መሳቢያ ውስጥ ነው ያገኘነው።»

ሰማያዊ ኢንሄለር ነው። ኢፋ በጥቁር ክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። ሲጫወት ክሩ ከጆሮ ማዳመጫው ገመድ ጋር ስለሚጠላለፍበት አውልቆ ከስክሪኑ ጥግ ላይ እንደሚሰቅለው ቤቱን የሚያዘወትር ሁሉ ያውቃል። ብፅዓት ጫን አደረገችው፤ መድኃኒቱ ፊስ ብሎ ወጣ። ባዶ አልነበረም። ክሩ ግን በኢንሄለሩ ወገብ ላይ ጥብቅ ብሎ፣ ዙር በዙር ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ከመጨረሻው ዙር ሥር ተሸጉጧል።

ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ባቻ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ክር ይጠቀልላል?»

ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ።

ጌም ቤቱ የሠርፀ ነው። ሠርፀ አባቱ ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚኖር የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነበር፤ ስድስት ተኩል ላይ ሊከፍት ሲመጣ። እሁድ ጠዋት ቤቱ ዝግ ቢሆንም ኢፋ የራሱ ቁልፍ እንደነበረው፣ ጸጥታውን ለሥራ እንደሚፈልገው ነገራት። አዲስ አበባ ያለ አንድ አስመጪ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች የተሠራ አዲስ ማውስ ልኮለት ነበር፤ እንደየሰው እጅ የሚስተካከል። የጎን ሽፋኑ በሰፊና በጠባብ ይቀየራል፤ ሆዱ ውስጥ አምስት ትናንሽ የብረት ክብደቶች ይጨመራሉ፣ ይቀነሳሉ፤ የየቁልፉ ሥራ በኮምፒውተር ይመደባል፤ የተደረገው ለውጥ ሁሉም ከነሰዓቱ እዚያው ይመዘገባል። ኢፋ ሦስት ሳምንት ፈትኖ ደጉንም ክፉውንም በቪዲዮ መናገር ነበረበት። ከተሳካለት አስመጪው አዲስ አበባ ወስዶ ሊቀጥረው ቃል ገብቷል።

«ደስ አለህ?» አለችው ብፅዓት።

ሠርፀ በግራ እጁ አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎት? አላለኝም። ይህን ቤት አብረን ነው ያቆምነው። እሱ ከተማ ሲገባ እኔ ከገመድና ከአቧራ ጋር ልቀር።»

ግድግዳው ላይ በኦሮምኛና በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ስትነሱ ገመዳችሁን ጠቅልሉ። ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ላይ የደንበኞቹ ማውሶች እንደየባለቤታቸው ልማድ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ሠርፀ ለዓመታት ስለጮኸባቸው አሁን እጃቸው ሳያስቡት እንደሚጠቀልል ነገራት። ብፅዓት ሆዱ በነጭ ፕላስተር የታሸገ አንዱን አነሳች። ድንጋይ ያህል ይከብዳል።

«የኦብሳ ነው» አለ ሠርፀ። «ቀላል ማውስ አይሆንለትም። አራት የሃምሳ ሳንቲም ውስጡ ለጥፎበታል። እኔም ከባድ ነው የምወደው፤ የእሱ ግን ይብሳል።»

ወደ ሦስተኛው ኮምፒውተር ተመለሰች። አዲሱን ማውስ አንስታ ሆዱን ከፈተችው። አምስቱም ክብደቶች ገብተዋል። ሽፋኑ ሰፊው ነው፤ የቀኝ እጅ ጣቶች የሚያርፉበት። ሠርፀ ኮምፒውተሩን ፈትሾ ይህ ማስተካከያ የተመዘገበው አምስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ መሆኑን አሳያት።

ከጎኑ የኢፋ ደብተር ነበር። ልጁ አንድ ነገር ከመቀየሩ በፊት ይጽፋል፤ ከቀየረም በኋላ ይጽፋል። የፈተናዎቹ ቁጥር አንዱም አልተዘለለም። «ፈተና 23። አራት ሰዓት ከአሥር። ክብደቶቹ ሁሉ ወጥተዋል። ጠባቡ ሽፋን። ለእኔ እጅ ልኩ ይህ ነው።» ከዚያ በታች ሃያ አራት ቁጥርና ጥቂት መስመሮች አሉ። ብፅዓት ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ደብተሩን ኪሷ ከተተችው፤ ለሳጅን ባቻ እንኳ አላሳየችውም።

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ኢፋ ተከራይቶ ከሚኖርበት ግቢ ነው። ሊሊሴ፣ እጮኛው፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ኢንሄለሩን በየእሁዱ ጠዋት የምትፈትሸውም እሷ ነበረች። ያን እሁድ አልሄደችም። ዘመዶቹ ግቢው እንዳትገባ የከለከሏት ለዚህ ነው።

«ቅዳሜ ተጣላን» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ እጅ ይልቅ ያንን ማውስ ነው የያዘው። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ክብደት ያወራልኛል። በዕቃ መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀናሁ።» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት፤ አራት ሰዓት ከአርባ። ሁለቱም አልተነሱም። «ልታረቀው ነበር የደወልኩት። አኩርፎ ነው ብዬ ተውኩት።»

ድንኳኑ ውስጥ አባትየው ኦቦ ኢዶሳ ለብፅዓት ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፤ «ልጁን እግዚአብሔር ወሰደው እንዳልል መድኃኒቱ ራቀው። መድኃኒቱን የምታይለት ደግሞ ያቺ ልጅ ነበረች። ነገ መቃብሩ አጠገብ እንድትቆም አልፈልግም። ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።»

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ይታገሱኝ፣ ኦቦ ኢዶሳ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቆም እርስዎ ይወስናሉ።»

ኦብሳ ወንበር እያመላለሰ ነበር። ከኢፋ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ በጌም ቤቱም የሚያሸንፈው አልነበረም። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ኦቦሌሳ ኮ ነበር፤ ወንድሜ» አለና ወንበሩን አስቀመጠ። እሁድ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ፣ እስከ ቡራኬው ድረስ ንቅንቅ እንዳላለ ተናገረ።

«መዝሙሩ እንዴት ነበር?» አለች ብፅዓት፣ እንደ ዋዛ።

«እንደ ወትሮው። ኪቦርዱ በተለይ ደስ ይል ነበር።»

ሳጅን ባቻ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው። መዳፎቹን አሻሸ።

«አስመጪው አንተንም አስቦህ ነበር ይባላል» አለችው ብፅዓት።

«ሁለታችንም ቪዲዮ ልከን ነበር። በጨዋታ አሥር ጊዜ ብንገጥም አሥሩንም የማሸንፈው እኔ ነኝ። ግን እሱ ይጽፋል። የሚጽፈውን መረጡ።» ፈገግ አለ። «እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።»

ብፅዓት ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት አብራት የሠለጠነች ጓደኛዋ ከእሷ በላይ ስትሾም፣ እቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳው ነበር።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦቦ ኢዶሳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሊሊሴ በሩ አጠገብ ቆመች። ብፅዓት ማውሱን፣ ሁለቱን ሽፋኖችና አምስቱን ክብደቶች ለያይታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ማውሱ እንዴት ሆኖ እንደተገኘ ከሠርፀ በቀር ለማንም አልተነገረም፤ እሱም ዝም እንዲል ታዝዟል።

«ኢፋ ሥራውን አልጨረሰም» አለች። «እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ እጅ አስተካክሉልኝ።»

ሊሊሴ ማውሱን ባዶውን አንስታ በሁለት ጣት ያዘችው፤ ምኑን እንደምትቀይር ስላላወቀች መልሳ አስቀመጠችው። ሠርፀ አራት ክብደት ጨመረ። ሰፊውን ሽፋን ገጠመ፤ በግራ እጁ ሊይዘው ሞክሮ ተወው።

«የቀኝ እጅ ብቻ ነው። ለእኔ አይሆንም» አለ። ክብደቶቹን አወጣ፣ ገመዱንም እንደ ልማዱ ጠቅልሎ በላስቲክ አሰረው። ብፅዓት ላስቲኩን ፈታችው።

ኦብሳ ክብደቶቹን አያቸው። አልነካቸውም። ጠባቡን ሽፋን ገጠመና «እንዲህ ቀለል ሲል ይሻለኛል» አለ።

ሠርፀ ቀና አለ። «አንተ? ሳንቲም ስትለጥፍ የኖርከው?»

«ድሮ ነው። ሰው ይለወጣል።»

ኦብሳ ከወንበሩ ተነሳ። ሲነሳ እጁ ብቻውን ሠራ፤ ገመዱን በማውሱ ወገብ ዙር በዙር ጠመጠመው፣ ጫፉንም ከመጨረሻው ዙር ሥር ሸጎጠው።

ብፅዓት ኢንሄለሩን ከላስቲክ ከረጢት አውጥታ ከማውሱ ጎን አስቀመጠችው። የጥቁሩ ክርና የጥቁሩ ገመድ አጠቃለል አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉም አዩት፤ ኦብሳ ከሁሉ በኋላ አየ።

«ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። «ይህ ክር ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነበር። የታመመው ሰው አይጠቀልለውም። ስለዚህ ሌላ ሰው እዚህ ነበረ፤ ሲነሳ መጠቅለል የለመደ፣ የዚህ ቤት ሰው። ኢፋ አራት ከአሥር ላይ ማውሱን ባዶ አድርጎ ጽፏል። አራት ከሠላሳ አምስት ላይ ሊሊሴ ስትደውል አላነሳም። ሐኪሙ ከአምስት በፊት ሞቷል ይላል። አምስት ከአምስት ላይ ግን አንድ ሰው በዚህ ወንበር ተቀምጦ ማውሱን ለራሱ አስተካክሏል፦ አምስቱንም ክብደት፣ ሰፊውን ሽፋን። ሊሊሴ አታውቅበትም። ሠርፀ ከባድ ይወዳል፤ ግን ግራኝ ነው፣ በዚህ ማውስ አይጫወትም። ከባድ እጅ ያለው ቀኝ እጀኛ አንድ ነው የቀረኝ። እሱ ደግሞ ዛሬ እጁ ቀላል ነው አለኝ።»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ ኦብሳ።

ሳጅን ባቻ እዚህ ላይ ገባ። «በከኒሳ ቀሴ ከአራት ሰዓት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ልጄ። ኪቦርድ የሚባል አልነበረም። በጭብጨባ ነው የዘመርነው። እጄ እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ነበር።»

«እዚህ ባኬ ጃማ ግን መብራት ነበረ» አለች ብፅዓት። «የማውሱን ክብደት ልትደብቀኝ አሰብክ፤ ማንም ሳይነግርህ ክብደቱ እንደሚያስጠይቅ አወቅህ። ጥቅለላውን ግን አላሰብከውም።»

ኦብሳ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሲናገር ኦቦ ኢዶሳን አላያቸውም። አራት ሰዓት ሳይሞላ፣ ኪቦርዱ ገና እየተሰማ ከኋላ ወጥቶ እንደመጣ፣ ለማየት ብቻ እንደመጣ ተናገረ። ኢፋ እየጻፈ ነበር። አንዴ ልሞክረው ሲለው፣ ቆይ ይህን ልጨርስ ብሎ ደብተሩን በክንዱ ከለለበት። ኦብሳ ያን ጊዜ ለሦስት ሳምንት ውስጡ የያዘውን ሁሉ ተናገረው። ተጯጯሁ። ጩኸቱ ኢፋን ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ ትንፋሽ ማጠር ወሰደው።

«ኢንሄለሩ ስክሪኑ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለ። «ልሰጠው ነው ያነሳሁት። ከዚያ ሳልሰጠው ያዝኩት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሱ እኔን ይለምነኝ ብዬ።»

«ለመነህ?»

«መናገር አልቻለም።»



«ከዚያ ማውሱን ያዝክ» አለች ብፅዓት።

«እስኪ ልየው አልኩ።» ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተመለከተው። «ለእጄ ልክ ነበር።»

ብፅዓት ደብተሩን ከኪሷ አወጣች። ኢፋ በክንዱ የከለለውን ገጽ ገለጠች፤ በዝግታ አነበበች።

«ፈተና 24። ከባዱ። አምስቱም ክብደት፣ ሰፊው ሽፋን። ይህ በእኔ እጅ አይሆንም፤ እኔ ብፈርድበት ውሸት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ኦብሳን እለምነዋለሁ። እሱ ከፈተነው ማውሱ ለእሱ ይሰጥ። ለአስመጪው ስሙን ጽፌያለሁ። እስክጠይቀው እንዳያይብኝ።»

ኦብሳ እጁን ወደ ደብተሩ ዘረጋ። ብፅዓት ከለከለችው። ሳጅን ባቻ ብብቱን ይዞ ሲያነሳው ምንም አላስቸገረም።

ኦቦ ኢዶሳ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ብፅዓት የሚሄዱ መስሏት መንገድ ለቀቀች። እሳቸው ግን አለፏት። በሩ አጠገብ ቆማ መሬት መሬት የምታየው ሊሊሴ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ስለነበር መልሰው አለበሷት።

«ኢንተላ ኮ» አሏት። «ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እንሂድ። ከእኔ ጋር ትቆሚያለሽ።»