ስድስት ክኒን ለሁለት ሰው

«በየማክሰኞው ስድስቱንም ክኒን ይውጣሉ?» ስትል ነርሷ ሲጋል በዕብራይስጥ ጠየቀች።

ሺራን ጥያቄውን ለአያቷ ለመተርጎም አመነታች። መልሱን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ጣጣው እሱ ነው።

«እምዬ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ስድስቱንም ይውጣሉ ወይ ትላለች።»

«እንዴታ! አንዲት ሳትቀር በያት» አሉ እማማ ልቅናሽ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ።

«አዎ፣ ሁሉንም ይውጣሉ» አለች ሺራን። አስተርጓሚ መሆን የሰው ቃል ማድረስ ብቻ ይመስላት ነበር፤ ለካ የሰውን ውሸት በገዛ አፍ መዋሸትም አለበት።

እውነቱ እንዲህ ነው። እማማ ልቅናሽን ቁርጥማት ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ከእርጅና የሚመጣው ዓይነት አይደለም፤ ሰውነት በገዛ መገጣጠሚያው ላይ የሚነሣበት ክፉ በሽታ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አልታጠፍ ይላቸዋል፤ የውሃ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጃቸው ነው የሚያነሡት። ለዚህ ሲባል ሃነቪኢም መንገድ ላይ ያለው ክሊኒክ በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጡ ስድስት ትንንሽ ክኒኖች አዘዘላቸው። እሳቸው ግን ሦስቱን ይውጡና ሦስቱን በሶፍት ጠቅልለው አንድ ፎቅ ወደ ታች ይወርዳሉ። እዚያ ጉልበታቸው ያበጠ ጎረቤታቸው እማማ ውዴ ይኖራሉ።

ባለፈው ወር ሺራን ደረጃው ላይ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። ያፈሩ እንዳይመስላችሁ!

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሏት።

«እምዬ፣ ይሄ እኮ ምግብ አይደለም!»

«አይሁን! ውዴ እያቃሰተች እኔ ብቻዬን ልዳን? ጎንደር ላይ ወደዚህ አገር የምንመጣበትን ተራ ስንጠብቅ ዘጠኝ ዓመት አንድ ድስት የተካፈልን ሰዎች ነን። በሞቴ፣ ለነርሷ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አያት በሞቴ ካለች ምን ይባላል? ሺራን አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ክፍል ውስጥ ከማንም ጋር ተከራክራ ትረታለች፤ በሞቴን ግን እስከ ዛሬ ረትታው አታውቅም። ለማንም አልነገረችም።

ሲጋል እጇን በሞቀ ውሃ ታጥባ፣ አድርቃ መጣች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ቀዝቃዛ እጅ የታመመ መገጣጠሚያን እንደሚያስደነግጥ ስለምታውቅ ሳታሞቀው ማንንም አትነካም። የእማማ ልቅናሽን ጣቶች አንድ በአንድ፣ እንቁላል የያዘች ያህል እየተጠነቀቀች ዳበሰቻቸው።

«እዚህ ጋ ያምማል? እዚህስ?»

«ተመስገን» አሉ እማማ ልቅናሽ።

ሲጋል ከአማርኛ የምታውቃት ቃል ይህችው ናት። ሳቀች። «ሳቭታ፣ ተመስገን አትበቃኝም» አለች። አሮጊቶችን ሁሉ ሳቭታ፣ አያቴ፣ ነው የምትላቸው። «እጅዎ ሌላ ነገር እየነገረኝ ነው። እስቲ ሁለት ጣቶቼን ይጭመቁልኝ።»

እማማ ልቅናሽ ጨመቁ። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ባላቸው አቅም ሁሉ ጨመቁ። ሲጋል ግን የጨበጧት አልመሰላትም። ፈገግታዋ ጠፋ። እጃቸውን ሳትለቅ ወደ ሺራን ዞረች።

«ይህን ሁሉ ወር በትክክል ውጠው እንዲህ ካበጡ፣ መድኃኒቱ አልያዘላቸውም ማለት ነው። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። ምናልባት ጠንከር ያለ መርፌ ይጨምርላቸዋል። የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ግን ትኩሳት ከያዛቸው በዚያው ቀን ትደውይልኛለሽ፣ እሺ?»

ግማሹን ለጎረቤት እየሰጡ መድኃኒቱ መቼ በቅጡ ተሞከረና! «ወይኔ፣ እንዴት ያለ ፋዲሃ ነው!» አለች ሺራን በሆዷ። ጓደኞቿ ጉድ ለሚያሰኝ ውርደት የሚሉት ቃል ነው፤ ይህ ግን ከውርደትም ይከፋል።

ሲጋል ክንዳቸውን አስራ ደም መቅዳት ጀመረች። እየቀዳችም፣ የልጅቷ ፊት ስለገረጣባት፣ ልታጽናናት ብላ ታስረዳታለች።

«አይዞሽ፣ ይሄ ለጥበቃ ነው። ያቺ ትንሽ ክኒን ጉበት ልትጎዳ ትችላለች፤ ስትጎዳ ደግሞ ድምፅ የላትም። ቀድሞ የሚነግረን ደሙ ነው። ደሙን ሳይመረመር የሚውጣት ሰው ነው የሚያስፈራው።»

እማማ ውዴ! ደማቸውን ማን አየላቸው? ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ «ሰሞኑን እህል አስጠላኝ» ሲሉ ሺራን በጆሮዋ ሰምታለች።

«ምን አለች?» አሉ አያቷ።

«ደምዎ ጥሩ ነው አለች» ብትል ይቀላት ነበር። አላለችም። ጉበት የሚለውን ቃል የምታውቀው ከሥጋ ቤት ነው፤ እየተንተባተበችም ቢሆን የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

እማማ ልቅናሽ ክንዳቸው ላይ ያለውን መርፌ ረሱት። «ያለ ደም ምርመራ?»

«አዎ፣ እምዬ።»

«እኔ እኮ ልታደጋት ብዬ ነው…» ወደ ሺራን ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። «በቃ፣ ከእንግዲህ አልሰጣትም። እዚህ ግን ዝም በይ። ውዴን ሌባ ናት እንዳይሏት።»

«ታዲያ ጉልበታቸውን ማን ያክማቸዋል?»

«ማን ያክማታል! አንድ ቀን ብቻዋን ሄዳ ነበር። ሕመሟን የሚያስረዳላት አጥታ የራስ ምታት ክኒን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ እንኳን ሐኪም ቤት፣ ስልክ ማንሣትም ትፈራለች። ልጆቿ ሃይፋ ናቸው። እኔ አንቺ አለሽኝ፤ እሷ ማን አላት?»

ሺራን አያቷን ትክ ብላ አየቻቸው። ክኒናቸውን፣ ምግባቸውን፣ የበዓል ልብሳቸውን ሳይቀር ለጎረቤታቸው አካፍለዋል። የልጅ ልጃቸውን ግን አላካፈሉም። ከትምህርቷ ሌላ ሸክም እንዳይጨምሩባት ብለው ነው፤ ይህ ገብቷት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ወደ ሲጋል ዞረች።

«ቅድም የነገርኩሽ ውሸት ነው። ሦስት ነው የሚውጡት። ሦስቱን ለጎረቤታችን ይሰጣሉ።»

እማማ ልቅናሽ ዕብራይስጥ ብዙም አይገባቸውም፤ እስከ አሥር መቁጠርን ግን ከገበያ ተምረዋል። ሦስት ሲባል ሰሙ። ፊታቸውን አዞሩ።

«በሞቴ ብዬሽ!» አሉ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

ሲጋል መርፌውን አውጥታ፣ ጥጥ አድርጋ፣ ወንበሯን ዝቅ አድርጋ ከአሮጊቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሺራን ቁጣ ስትጠብቅ፣ ሲጋል ያን ያበጠ እጅ መልሳ በሁለት መዳፏ ያዘችው።

«የጎረቤታችሁ ስም ማን ነው?» አለች ሺራንን።

«ውዴ።»

«ክኒኑን ከአሁን ጀምራ ታቁም። ሐኪሙን አሁኑኑ አነጋግረዋለሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ትምጣልን። ደሟንም ጉልበቷንም እናያለን። የሳቭታንም መርፌ ለጊዜው እናቆየዋለን፤ መጀመሪያ ስድስቱን ክኒን በትክክል ይሞክሩ።» ትንሽ አሰበች። «ግን ማን ያስተረጉምላታል?»

«እኔ» አለች ሺራን።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ልቅናሽ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

«ሌባ አላለቻቸውም። ዛሬውኑ አምጡልኝ ነው ያለችው።»

«ማን ያመጣታል?»

«እኔ አመጣቸዋለሁ፣ እምዬ። ዛሬም፣ ሌላ ቀንም።»

ሲጋል ስልክ ደውላ ከሐኪሙ ጋር ስታወራ፣ አሮጊቷ ጥጡን ክንዳቸው ላይ ተጭነው ተቀመጡ። ሺራን ቦርሳዋን አነሣች። ቤታቸው ያለበት ቂርያት መናሔም ደርሶ መመለስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

በሩ ጋ ስትደርስ ድምፃቸው ከኋላዋ መጣ።

«ደረጃ ስትወርድ ግራ ጉልበቷ ይከዳታል። በግራ በኩል ሆነሽ ያዢያት።»

«እሺ፣ እምዬ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣችና ደወለች። ጠራ፤ አልተነሣም። መልሳ ደወለች። በሦስተኛው ጥሪ አንድ የፈራ ድምፅ «ሻሎም?» አለ።

«እማማ ውዴ፣ እኔ ነኝ፣ ሺራን። በአማርኛ ያውሩ፣ አይፍሩ። ልብስዎን ይልበሱና ይጠብቁኝ፤ ልመጣልዎት ነው።»