አንዲት የቀረች ነፍስ

«እኔ የምልህ ኤፍሬም፣ ይህ ልጅ ፊቱን የማያዞረው ማንን ሸሽቶ ነው?»

አያቱ እማማ ካሰች መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በሩ ላይ ቆመዋል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካባ የለበሰ፣ ጎራዴ የታጠቀ ወጣት ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። የሚታየው ከጀርባው ነው፤ ሲሮጥም፣ ሲዘልም፣ ሲዋጋም ከጀርባው ብቻ።

ኤፍሬም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል መለሰ። «ጌሙ እንደዚያ ነው እማማ። እኛ ከኋላው ሆነን ነው የምንነዳው።»

«እናት የለውም? ዞር በል የሚለው ሰው እንኳ?» ዓይናቸውን አጠበቡ። «ያ ነጩስ ምንድን ነው? ጨው ነው?»

«በረዶ ነው።»

«በረዶ! ተራራውን ሙሉ? እኛ ጋ እንኳን የወረደ እንደሆነ የቡናውን አበባ አርግፎ ወዲያው ይቀልጣል።» ቀስ ብለው ገቡና ስክሪኑን በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ይበርድ እንደሆነ። ኤፍሬም ሳቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው። አጎቱ ይህን አሮጌ ኮምፒዩተር ከጅማ ያመጣለት ሰሞን፣ ያንን ተራራ መጀመሪያ ሲያይ፣ እሱም ማንም ሳያየው ነክቶት ነበር።

«እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቀው» አሉና ወደ በረንዳው ወጡ። የተሰጣው ቡና አለ፤ ዶሮው አለ፤ የሚዛን ከተማ ሰማይ ደግሞ አይታመንም።

እሳቸው እንደወጡ ሱሀይብ በጓሮ በር ገባ። በፊት ለፊቱ በር አይመጣም። እናቱ ሀጂራ ኮረሪማና ዝንጅብል የምትሸጥበት ሱቅ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእነ ኤፍሬም በር ትይዩ ነው። እሷ የምታውቀው ልጇ ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሆኖ ለአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ሲያጠና ነው።

«ተነስ፣ ወንበሩን ልቀቅ» አለ ሱሀይብ ጫማውን እያወለቀ። «አንተ ገደል ስትገባ ነው የምትውለው። ዛሬ ዘንዶውን አገኘዋለሁ።»

አገኘውም። ወጣቱ የመጨረሻውን ድንጋይ ይዞ ጫፍ ላይ ሲወጣ ነፋሱ ቆመ። ከዚያ መሬቱ ተንቀሳቀሰ። በረዶው እንደ ቆጥ አቧራ ረገፈ፤ ከሥሩ ቅርፊት ወጣ፤ ጫካ የመሰላቸው ጋማ ሆነ፤ ሐይቅ የመሰላቸው ዓይን ሆኖ ቀስ ብሎ ተገለጠ። ለሳምንታት ሲወጡት የከረሙት ተራራ ራሱ ዘንዶው ነበር።

ሱሀይብ «ያ አላህ» አለ፤ ቁልፎቹን ደጋግሞ መታ። ክንፉ ሲዘረጋ ክፍሉ ጨለመ፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ከነበሩት ሦስት ቀይ ልቦች ሁለቱ ጠፉ።

የኤፍሬም ስልክ ጮኸ። የክፍላቸው ልጅ ታምሩ ነው።

«ታምሩ፣ ብታይ! ተራራው ራሱ ነው ዘንዶው!» ኤፍሬም በመስኮቱ በኩል ውጭ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አወጣ። «ሱሀይብ? ኧረ ሱሀይብ አልቆለታል! አንዲት ነፍስ ነው የቀረችው። እሷም ከሄደች በቃ፣ ማን ያድነዋል!»

በረንዳው ላይ የቡና ማገላበጫው እንጨት ሲወድቅ ሰማ። ልብ አላለውም።

ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የሴት ጩኸት መጣ። «ልጄን! ልጄ የት ነው ያለው?» ሱሀይብ ጌሙን አቆመና ከመኝታው መጋረጃ ኋላ ገባ።

ሀጂራ ሻርፕዋ ተንሸራቶ፣ አንድ እግሯ ላይ ብቻ ነጠላ ጫማ አድርጋ ገባች። «ኤፊ፣ ምን ሆነብኝ? ባጃጅ ገጨው? ነፍሱ ልትወጣ ነው አሉኝ!»

እማማ ካሰች ግድግዳ ይዘው ተከተሏት። «አንዲት ነፍስ ቀረችው ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ኢየሱስ ጌታ ሆይ! እኔ ነኝ ሮጬ የነገርኳት።»

ኤፍሬም ገባው። ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። በመጋረጃው ክፍተት ሱሀይብ ያየዋል፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያለ ድምፅ፦ *እማማ አርጅተዋል በላት።*

«ምናልባት... ተሳስተሽ ይሆናል እማማ» አለ ኤፍሬም።

እማማ ካሰች ጆሯቸውን ነኩ። «ተሳስቼ?» ድምፃቸው አነሰ። «እንግዲህ... ባለፈውም ቁልፉን እጄ ላይ ይዤው ስፈልግ ነበር። ይቅር በይኝ ሀጂራዬ። በከንቱ አስደነገጥኩሽ።»

ሀጂራ በረጅሙ ተነፈሰች፤ የአሮጊቷንም ትከሻ ሕፃን እንደሚባበል መታ መታ አደረገች። «አይዞዎት እማማ። ዕድሜ ነው።»

እማማ ካሰች እጃቸውን አገላብጠው አዩ። በረዶው ይበርድ እንደሆነ የነኩበትን ጣት፣ የማያውቁት ሰው ጣት ይመስል አዩት።

«አልተሳሳተችም» አለ ኤፍሬም።

መጋረጃው ረጋ።

«እኔ ነኝ ያልኩት። ነፍስ የምንለው ጌሙ ላይ ነው። እዚህ ሲሞቱ እንደገና የሚነሱባት ናት።» ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ቀይ ልብ አሳየ። «ሱሀይብ ሦስት ነበሩት። አሁን አንዲት ቀረችው።»

ሀጂራ ቀይዋን ልብ አየች፤ ከወንበሩ ሥር ያለውን የልጇን ጫማም አየች። «ትምህርት ቤት ያለ ልጅ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ እንዴት ነው ነፍስ የሚቀረው?»

ሱሀይብ ወጣ። እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን ዳሰሰች፤ ሙሉ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው የገፈተረችው። «ቤት ግባ ብቻ! ያቺንም አንዲቷን እኔው ነኝ የማወጣልህ!»

ሱሀይብ ጫማውን አንስቶ ከእናቱ ቀድሞ በፊት ለፊቱ በር አለፈ። ኤፍሬም ጀርባውን በዓይኑ ተከተለ፤ በረንዳውን ሲወርድ፣ መንገዱን ሲሻገር። ዞር የሚያደርገው ቁልፍ አልነበረም።

«ልክ ነበር እንዴ የሰማሁት?» አሉ እማማ ካሰች።

«ልክ ነበር እማማ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ክንፉን ዘርግቶ የቆመውን ዘንዶ፣ ከሥሩም ያንን ብቸኛ ጀርባ ትክ ብለው አዩ። «ምን የሚያህል ፍጥረት ነው!» አሉ በሹክሹክታ። «ካልነካነው እንዲሁ ይቆማል? ልጁንም አይበላው?»

ውጭ የመጀመሪያው ነጠብጣብ ቆርቆሮውን መታው። ኤፍሬም ነጠላ ጫማውን አጠለቀ።

«ወዴት ነው? ዝናብ መጣ እኮ! ሹራብ እንኳ ልበስ እንጂ!»

«ሱሀይብን ብቻውን አልተወውም» አለና፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ወደ ሀጂራ ሱቅ ወጣ።