ከመስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ

«ትንሽ ወደ ግራ» አሉ ከንቲባው መሰላል ላይ ሆነው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፣ የፍራንዚ አያት አሎይስ፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ አንጋጠዋል። መስኮቱ አናት ላይ የሚሰቀለው አዲስ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ በወርቃማ ቀለም «ከመስኮቱ ሥር» ተብሎ ተጽፎበታል። የልቦለድ ርእስ ነው። አያቷ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሰው አበባ አስቀምጠውባታል። ቱሪስት መጥቶ ፎቶ ይነሳባታል ብለው ነው።

ፍራንዚ ድንች የምትልጥበትን ቢላዋ እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ካሉት ሰዎች ያነበበችው እሷ ብቻ ናት።

ደራሲዋ ሂልትሩድ ሞስባኸር የዚሁ መንደር ልጅ ናት። ከአርባ ዓመት በፊት ከእናት ካባቷ ጋር ጓዟን ጠቅልላ ቪየና ገባች፤ አድጋም ስድስት ልቦለድ ጻፈች። አምስቱ በወጡ ቁጥር መንደሩ «የገዛ ጎጆዋን የምታቆሽሽ ወፍ» እያለ ያማት ነበር፤ የሚያማትም ሳያነብ ነው። ባለፈው መከር ስድስተኛው ትልቅ ሽልማት ሲያገኝና ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ «የእኛዋ ሂልትሩድ» ሆነች፤ አሁንም ሳትነበብ። የዚህ መንደር ሰው ሲሰድብም ሲያሞግስም መጽሐፍ ገልጦ ጊዜውን አያባክንም።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት እዚሁ አዳራሽ መጥታ ታነባለች። የመንደሩ ማርሽ ባንድ ይጫወታል፣ ቋሊማ ይጠበሳል። ከዚያ በፊት ግን ፍራንዚ የደራሲዋን ሕይወትና ሥራዎች ለታዳሚው ታስተዋውቃለች። ትምህርት ቤት ስለ እሷ ያቀረበችው ጥናት ጥሩ ስለነበረ ለከንቲባው የጠቆመቻት መምህሯ ናት። ከንቲባውም ምን ማለት እንዳለባት አስቀድመው ነግረዋታል። በመካከላችን በደስታ አድጋ ለትምህርት ወደ ቪየና ሄደች ብትይ ይበቃል ብለዋታል።

ልቦለዱ የሚለው ሌላ ነው። በእንጨት መሰንጠቂያው አንድ ሠራተኛ ይሞታል። የመሰንጠቂያው ባለቤት ሟቹ ሰክሮ ነበር ሲል፣ ዮሐን የሚባል የሥራ ባልደረባው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰውየው እንዳልሰከረ፣ የተበላሸው ማሽኑ እንደሆነ ይመሰክራል። መሰንጠቂያው ደግሞ የመንደሩ እንጀራ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ዮሐን ከቅዳሴ መልስ እንደ ልማዱ መጠጥ ቤት ሲገባ፣ ከነባር ደንበኞቹ ትልቅ ጠረጴዛ የእሱ ወንበር ተነስቷል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወንበር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ባለቤቱ ታሞ ቢተኛ እንኳ ማንም አይቀመጥበትም። ባለመጠጥ ቤቱ የዮሐን የልጅነት ጓደኛ ነበር። ቢራውን ቀዳና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከመስኮቱ ሥር ወዳለችው ትንሽ ጠረጴዛ ወሰደለት። ዮሐን መንደሩን ጥሎ እስኪሄድ ድረስ በየእሑዱ እዚያ ብቻውን ጠጣ። ሴት ልጁ ምሳ ደርሷል ብላ ልትጠራው ስትመጣ የምታየው ጀርባውን ነበር።

ልቦለድ ልቦለድ ነው፤ ፍራንዚ ይህ አይጠፋትም። ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው መጠጥ ቤት አረንጓዴ የሸክላ ምድጃ አለው፤ የእነሱም አለው። የዚያን ጊዜ ቢራ ቀጂው ማን እንደነበረ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም።

አያቷን ትወዳቸዋለች። አባቷ ከሄደ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ በሰው ፊት አንገታቸውን ማስደፋት ሞት ሆኖ ታያት። ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው ጓደኛዋ ሊኑስ፣ ወንበር ሊደረድር ሲገባ ፊቷን አይቶ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ነገረችው።

«አቦ ፍራንዚ፣ አታካብጂው» አለ። «ከንቲባው ያሉሽን በይና ውረጂ። ማን ይሰማሻል? ሁሉም የሚጠብቀው ቋሊማውን ነው።»

እውነቱን ነው፣ ማንም አይሰማም ይሆናል። ያቺ ልጅ ግን ትሰማለች፤ ዛሬ ሽበት ያወጣችው፣ ያኔ የአባቷን ጀርባ ታይ የነበረችው። ፍራንዚ እዚያ ቆማ «በደስታ አድጋ» ስትል ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታዳምጣታለች።

አያቷ ብርጭቆ ሊያጥቡ ወጥ ቤት ሲገቡ በሩን ዘጋችው። ትንሽ እንዲያዳምጧት ለመነቻቸውና ያንን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው። አሎይስ አንዱን ብርጭቆ ሲወለውሉ፣ ሲወለውሉ ቆዩ።

«የታች ሰፈሩ መጠጥ ቤት ከደጅ ነው የመለሰው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ቢራውን ሰጥቼዋለሁ።»

ፍራንዚ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ያደረግኩት ይኼው ነው» አሉ እንደገና፣ አሁን ቀስ ብለው። «ቢራውን ሰጠሁት።»

«አባባ፣ ዛሬ ልናገረው ነው» አለች። «ከመድረክ ላይ ከሚሰሙት አስቀድመው ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ አዳራሹ ወጡ። ከንቲባው ሰሌዳውን ራቅ ብለው እያደነቁ ነበር። አያቷ አላናገሯቸውም፤ ነጩን ጨርቅ ከነአበባው ከትንሿ ጠረጴዛ አንስተው ተመለሱ። አበባውን የት እንደሚያኖሩት ግራ ገባቸውና ድንቹ አጠገብ አደረጉት።

«ዮሐን አይደለም» አሉ።

«ምን?»

«ስሙን ቀይራዋለች። ፈርዲናንድ ነበር። እኔ ፈርድል ነበር የምለው።» አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «የምትናገሪ ከሆነ በስሙ ጥሪው። መጀመሪያ ግን ልጁን አስፈቅጃት፤ አባቷ ነው።»

ከውጭ ባንዱ መሣሪያውን መሞከር ጀምሯል። ፍራንዚ እጇን ታጥባ መጽሐፉን ያዘችና ወጣች። አንዲት አጭር፣ ሽበታም ሴት ማንም ሳያያት በዋናው በር ገብታ ኮቷን የምትሰቅልበት ቦታ ትፈልጋለች።

«ይስጡኝ» አለች ፍራንዚ ኮቱን እየተቀበለቻት። «የማስተዋውቅዎ እኔ ነኝ። ከመጀመራችን በፊት ስለ አባትዎ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»