ቦይ የገባ ጠጠር

የትራክተር ሹፌሩ ክንዱ የሞተው በጳጉሜን ሦስት ነው፤ አገር ምድሩ የሩፋኤልን ዝናብ ተጠምቆ ገና ፀጉሩ ሳይደርቅ። ሬሳው የተገኘው ግን በማግሥቱ ጧት ነው። ከአስፋልቱ ተነሥቶ ጣና ዳር እስካለው የእርሻ መሣሪያ ጣቢያ በሚወርደው የገረጋንቲ መንገድ ላይ፣ ከማንጎዎቹ ዝቅ ብሎ፣ እሱ ሲነዳው የኖረው ትራክተር ቆሟል። ከትራክተሩ ኋላ የሚንጠለጠለው ረጅም የብረት ምላጭ ወርዶ በደረቱ ላይ ተጋድሟል።

መቶ አለቃ ሸጊቱ ከባሕር ዳር ፖሊስ ስትደርስ ሬሳው ገና ከወደቀበት አልተነሣም ነበር፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አልቋል። የጣቢያው መካኒክ ሰላሁዲን ሁለት እጁ ወደ ኋላ በገመድ ተጠፍሮ ማንጎ ሥር ተቀምጧል። ከጣቢያው አጥር ውጭ ሚስቱ ዘይነት ቁርሱን በጨርቅ ቋጥራ ቆማለች፤ ጠጋ ባለች ቁጥር ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ ይመልሳታል።

«ዘገየሽ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አላት የአብዮት ጥበቃው ኃላፊ ወልደ ሐዋርያት። ሰውየው ከቤተ ክህነት የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ምሕረቱን እዚያው ጥሎት መጥቷል። «ነገሩ አልቋል።»

«ሬሳው ሳይነሣ በምን አለቀ?»

«አሻጥር ነው! ይህ መካኒክ ምላጩን በዘይት ግፊት የሚሸከመውን የሃይድሮሊክ ቱቦ አላልቶ ምላጩን ጣለበት። 'ይህ ምላጭ ጉድ ያመጣል' ሲል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ እንወስደዋለን።»

«እንወስደዋለን» ማለት ምን እንደሆነ በ1974 ዓ.ም. ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። በአሻጥር ተከሶ በዚያ መኪና የተጫነ ሰው፣ ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ሦስት ቀን ይመላለሳል፤ በአራተኛው ቀን «አታምጡ» ይባላል። ሸጊቱ ሰዓቷን አየች። ሁለት ተኩል ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት የእኔ ነው» አለች።

«እስቲ እናያለን» አለና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

ከጥበቃዎቹ ትራክተር የሚያውቀው አንዱ ሞተሩን አስነሥቶ ምላጩን ወደ ላይ አነሣላት፤ ሬሳው ወጣ። ሸጊቱ ተንበረከከች። ደረቱ ደቋል። ማጅራቱን ስትዳብስ ግን አጥንቱ ተሰብሯል። ጭንቅላቱ ያረፈበት መሬት የደም ጠብታ የለበትም። የሁለቱም ጫማዎቹ ተረከዝ ጭቃና ጠጠር ተሰግስጎበታል።

«ደረት ላይ የወደቀ ብረት ማጅራት ይመታል?» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

ከዚያ ከማንጎው ቅርንጫፍ ሰብራ፣ ከተንጠለጠለው ምላጭ ሥር አቆመችና በአንድ ጣት እንዲያጥር አድርጋ ቆረጠችው።

«ሞተሩን አጥፉት። ይህን እንጨት የነካ ወዮለት!»

«እንጨት ልትተክል ነው እንዴ የመጣችው?» አለ አንዱ ጥበቃ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

እሷ መንገዱን ወደ ላይ ያዘች። ከላይ ከአስፋልቱ ጀምሮ ጠጠሩ ከሁለቱም ዳር ወደ መሃል ተሰብስቦ የመንገዱ ጀርባ ከፍ ብሏል፤ ውኃ የሚወርደው ወደ ግራና ቀኝ ቦይ ነው። ከማንጎዎቹ እስከ ትራክተሩ ድረስ ባለው ሃምሳ እርምጃ ያህል ግን በቀኝ በኩል መንገዱ ተልጦ መሬቱ ወጥቷል። ጠጠሩ ከቦዩ አፍ ላይ እንደ እርከን ተደርድሯል። ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብላ አየችው። የነካችው ነገር የለም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው እሌኒን ነው። እሌኒ የጣቢያው ቴክኒሻን ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ።

«ለመስከረም ሁለት፣ ለአብዮቱ በዓል፣ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ» አለች፣ መጋዘኑን እየከፈተች። «መንገዱ በክረምቱ ተቦርቡሯል። ለጥገናው ከትራክተር ጋር የሚገጠም ዕቃ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ቀረበልን። አንዱ ያ ምላጭ ነው። ሁለተኛው ይኼ ሣጥን ነው፤ ጎኑ በብረት ተዘግቷል፣ ከፊቱ መቧጠጫ ጥርስ አለው። ሦስተኛው ሰላሁዲን ከአሮጌ ብረት በየደው የሠራው መጎተቻ ነው፤ እሱ ላዩን ማለስለስ እንጂ ጉድጓድ አይሞላም።»

«ክንዱ የቱን አለ?»

«ሣጥኑን። 'ምላጭ ለእኔ እጅ ይሆናል፤ ነገ ሌላ ሰው ሲይዘው ጠጠሩን አውጥቶ ይደፋዋል። ሣጥኑ ግን ጎኑ ዝግ ስለሆነ የያዘውን አይጥልም፤ እያደባለቀ ጉድጓድ ውስጥ ይሞላዋል' አለ። እኔም ሰላሁዲንም ተስማማን። ጓድ ዳኘው ጠረጴዛ ደበደበ።»

«ሥራ አስኪያጁ?»

እሌኒ ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኮሚቴው ሳይወስን 'ምላጩ ተመርጧል፣ መንገዱም ተጠናቋል' ብሎ ወደ ላይ ጽፏል። ክንዱ ሰምቶ፣ 'እንግዶቹ ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ' አለ። ከእኔ አልሰሙም፣ እባክዎ።»

«ትናንት አንቺ የት ነበርሽ?»

«ከዝናቡ በፊት ከተማ፣ ፋሲሎ ሰፈር ወረድኩ፤ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ነበረን። እዚያው አክስቴ ቤት አደርኩ። መቶ ሴት ይመሰክርልኛል።»

ሰላሁዲንን ከማንጎው ሥር አነጋገረችው። ገመዱ እጁን አሳብጦታል።

«አንተ ነህ የገደልኸው?»

«አይደለሁም። ግን ብል ባልል ምን ይፈይዳል? መኪናው ይመጣል።»

«'ጉድ ያመጣል' ብለሃል ይሉሃል።»

«ብያለሁ! በመንገዱ ላይ ጉድ ያመጣል ማለቴ ነው እንጂ በክንዱ ላይ ነው እንዴ? ክንዱ ወንድሜ ነው። በእኔ ፆም እሱ ቀን ከእኔ ፊት ምግብ አይበላም ነበር፤ በእሱ ፆም እኔም እንደዚያው።» እንባው መጣ፤ የሚጠርግበት እጅ ግን አልነበረውም። «ትናንት ዝናቡ አሥር ሰዓት ላይ እንዳባራ ወጣ። ገረጋንቲ እርጥበቱን ሳይጥል ነው የሚጠረግ፤ ከደረቀ አቧራ ነው። እኔ ጋራዥ ቀረሁ፣ ብቻዬን። የትራክተሩ ድምፅ ሲጠፋ ወደ ቤቱ ሄደ ብዬ እኔም ቤቴ ገባሁ።» ድንገት ቀና አለ። «ቆቡስ? ቆቡን የት አደረጋችሁት?»

«የምን ቆብ?»

«ክንዱ ያለ ቆብ ትራክተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። እንጀራዬ ነው ይል ነበር።»

ሬሳው ላይ ቆብ አልነበረም። ሸጊቱ ይህን በልቧ ያዘችና ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

ዳኘው ከወንበሩ አልተነሣም፤ ተቀመጪም አላላትም።

«ወንጀለኛው ታስሮ እያለ የምን መንከራተት ነው? ለእንግዶቹ ዝግጅት አለብን።»

«ጥቂት ጥያቄ ነው። ለምን ምላጩን መረጡ?»

«ሥራውን ስለማውቅ! ምላጭ ሲጠርግ ይታያል። ያ ሣጥን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚዞር ቅርጫት ነው።»

«ራስዎ ይነዳሉ?»

«ከማንም ሹፌር አላንስም! ሥልጠና ወስጃለሁ። ክንዱ ምን ስለሆነ ነው?»

«ትናንት ከዝናቡ በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ገባሁ፤ ጧት ወልደ ሐዋርያት ሲጠራኝ ነው የወጣሁ።»

«መንገዱን አላዩትም?»

«አላየሁትም አልሁሽ! ሴት ልጅ እንዲህ ስትደጋግም ደስ አይልም።»

«ለሞተውም ደስ አይልም» አለችና ወጣች።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉንም መንገዱ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ እሌኒን፣ ዳኘውን፣ ወልደ ሐዋርያትን ከነጥበቃዎቹ። ሰላሁዲንም መጣ። ዘይነት በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ሸጊቱ በመጀመሪያ ወደ እንጨቱ ጠቆመች። ከምላጩ ጋር ያለው ርቀት ያው አንድ ጣት ነው።

«እንጨቱ ከቆመ ሦስት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረ። ቱቦው የላላ ቢሆን ይህ ምላጭ እንጨቱን ሰብሮ መሬት ይቀመጥ ነበር። ምላጩን ያወረደው የሰው እጅ ነው። አሁን ትራክተሩን ወደ አስፋልቱ በኩል አውጡትና እያንዳንዳችሁ ሃያ እርምጃ ጥረጉልኝ።»

«ቀልደኛ ነሽ?» አለ ወልደ ሐዋርያት። «መኪናው ደርሷል እኮ!»

«ይጠብቃ! ጓድ ዳኘው፣ ለአለቃ ቅድሚያ ነው።»

ዳኘው ሰው ሁሉ እያየው እምቢ ማለት ክብሩ አልፈቀደለትም። ዘሎ ወጣ። ምላጩ ወደ ቀኝ ሰያፍ ተደርጎ የታሰረ ነው፤ የያዘውን ጠጠር በቀኝ በኩል ይጥላል። ዳኘው በቀኝ ዳር ተጠግቶ ቁልቁል ነዳ፤ ጠጠሩ እየተንኳኳ ቦይ ውስጥ ገባ።

«እንዲህ ነው የሚጠረግ!» አለ ሲወርድ። «ቆሻሻ መሃል መንገድ አይከመርም።»

ቀጥላ እሌኒ ወጣች። እሷ በግራ ዳር ነዳች፤ ጠጠሩ መሃል ወደቀ። ሰላሁዲን ሲፈታ ወልደ ሐዋርያት ጮኸ፤ ሸጊቱ ጆሮም አልሰጠችው። ሰላሁዲን ጣቶቹ ስላልታጠፉለት መሪውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ እሱም በግራ፣ እሱም ወደ መሃል።

«አያችሁ?» አለች ሸጊቱ። «ግቢ የሚጠርግ ሰው ወደ ዳር ይጠርጋል፤ ግቢ ላይ የሚጠረገው ቆሻሻ ነዋ። ገረጋንቲ የሚያውቅ ሰው ግን ወደ መሃል ይሰበስባል፤ ጠጠሩ ራሱ መንገዱ ነው። ቦይ ከገባ ጎርፍ ለጣና ያስረክበዋል። ክንዱ ከአስፋልቱ እስከ ማንጎው እንዲያ ሠርቷል። አሁን ተከተሉኝ።»

ከማንጎዎቹ ሥር ቆመች።

«ከዚህ እስከ ሬሳው ሃምሳ እርምጃ ነው፤ ጠጠሩ ደግሞ ቦይ ገብቷል። ክንዱ እዚህ ወረደ። አንድ ሰው ከኋላው ማጅራቱን መታው፤ ደሙ እዚህ ፈሰሰ። ተረከዙ መሬት እየጫረ ተጎተተ። ሰውየው ደሙንና ጉተታውን ለማጥፋት መንገዱን በምላጩ ላጠው፤ ከዚያ ምላጩን አንሥቶ ሬሳውን ከሥር አስተኛውና ለቀቀበት።»

«ክንዱ ራሱ ጠርጎት ቢሆንስ?» አለ ዳኘው። «ቸኩሎ ይሆናላ።»

«ቆፍሩ» አለች ጥበቃዎቹን፣ ቦዩ አፍ ላይ ያለውን የጠጠር ክምር እያሳየች።

ብዙም አልቆፈሩ። ደም የደረቀበት ጠጠር ወጣ፤ ከጠጠሩ ሥር ቆብ ወጣ። የኋላው ተቀድዶ በደም ተለጥፏል። ሰላሁዲን ሲያየው «ወይኔ ወንድሜን!» ብሎ መሬት ተቀመጠ።

«ደሙ ከፈሰሰና ቆቡ ከወደቀ በኋላ የተገፋ ጠጠር ነው» አለች ሸጊቱ። «ሬሳ ትራክተር አይነዳም። እሌኒ ከተማ ነበረች።»

«መካኒኩ ሊያሳስተን ብሎ ቢሆንስ?» አለ ወልደ ሐዋርያት፤ እጁ የገባውን መልቀቅ አልሆንለት ብሎ።

«ቸኩሎ ደም የሚደብቅ ሰው እጁ የለመደውን ነው የሚሠራ። ይህ የሚያውቅ እጅ ቢሆን ጠጠሩን መሃል ከምሮ በጎማ ይረግጠው ነበር፤ እኛም ዓመት ብንፈልግ አናገኘውም። የማያውቀው ግን ጠርጎ፣ ሰብስቦ፣ ቦይ ዳር አስቀመጠልን።» ወደ ዳኘው ዞረች። «ክንዱ እውነቱን ነበር፣ ጓድ ዳኘው። ሣጥኑን ተቀብለውት ቢሆን ደሙን ከጠጠሩ ጋር አደባልቆ ይደብቅልዎት ነበር። ምላጩን መረጡ፤ ምላጩም አጋለጠዎት።»

ዳኘው ዙሪያውን አየ፤ ትናንት እግሩ ሥር ይርመሰመስ የነበረ ሰው ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሏል።

«ለመንሁት እኮ!» ብሎ ጮኸ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ አንድ ቀን ዝም በል አልሁት! 'አልዋሽም' አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። ሐሰተኛ ሪፖርት ጻፈ ከተባልሁ እኔን ማን ያተርፈኛል? እናንተ ናችሁ የምታተርፉኝ? አንተ ነህ፣ ወልደ ሐዋርያት?»

ወልደ ሐዋርያት ያንኑ ሰላሁዲን የታሰረበትን ገመድ አነሣና የዳኘውን እጅ አሰረበት። መኪናው ባዶውን አልተመለሰም።

ሰላሁዲን ከአጥሩ ወጣ። ዘይነት ቋጠሮውን ፈትታ ቁርሱን ዘረጋችለት፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ስላሉት በእጇ አጎረሰችው። ሸጊቱ ጠጋ አለች። ምርቃት ባትጠብቅም አንድ ደግ ቃል ጠብቃ ነበር፤ ሰው ናትና።

ዘይነት ቀና ብላ የደንብ ልብሷን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እናንተው አሰራችሁት፣ እናንተው ፈታችሁት» አለቻት። «ዛሬ ጠጠር መሰከረለት። ነገ ጠጠር በሌለበት ስትመጡበትስ ማንን ምስክር ብለን እንጥራ?»

ባልና ሚስቱ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ አስፋልቱ ሄዱ፤ ሸጊቱም እዚያው ቆማ አየቻቸው።