ስሙ ሲወጣ ንገሪኝ

ስልኩ ካልሲዋ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነዝራት ፋና እጇን አወጣች። የፊዚክስ መምህሩ የጀመሩትን ቀመር ሳይጨርሱ ዞር ብለው አዩአትና ቶሎ እንድትመለስ ነግረው ለቀቋት። ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት ክልክል ነው፤ የተያዘ ወላጅ ያመጣል። ፋና ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ስልኳን ቤት ትታ ወጥታ አታውቅም። አጠገቧ የተቀመጠችው ዋጋዬ ልታሳልፋት እግሯን ሰብሰብ አድርጋ «ደግሞ የማን በሬ ጠፋ?» ብላ ሳቀችባት።

ፋና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆማ ደወለች። ናታን ወዲያው አነሳው።

«ጠዋት ከዳንግላ ወዲህ የተገለበጠው ሚኒባስ የጋሼ ሙሉሰው ነው» አላት። «ባሕር ዳር ወስደዋቸው ነበር፤ አልተረፉም። የአክስቴ ልጅ እዚያ ነርስ ናት፣ አሁን ነገረችኝ። ጽሑፉ አልቋል፤ አጽድቂው።»

ፋና ግድግዳውን ተደገፈች። ጋሼ ሙሉሰው የዋጋዬ አባት ናቸው። ዋጋዬ ደግሞ በዚህች ደቂቃ እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የፋናን ደብተር ጭምር ይዛ ማስታወሻ እየጻፈችላት ነው።

«መርዶው ተነግሯል?»

«ተነግሯል።»

«ዋጋዬ ክፍል ውስጥ ናት እኮ።»

«ለሚስታቸው ተነግሯል አልኩሽ። እሷንም መጥተው ሊወስዷት ነው። ሌሎቹ ገጾች ስሙን ሳያገኙት ፍጠኚ እንጂ።»

በከተማቸው ስም «ቆሰበር ዛሬ» የተባለውን የዜና ድረ ገጽ ሁለቱ የጀመሩት ከሁለት ክረምት በፊት ነው፤ እሷ ስምንተኛ፣ እሱ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው። ቢሯቸው የናታን አባት ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ሲሆን ንብረታቸው ፊደሎቹ የተፋቁ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ አንባቢ አገኙ፤ ሰባቱ በተለያየ ስልክ እየከፈተ የሚያነበው ናታን ራሱ ነው። የውኃ ፈረቃ፣ የባጃጅ ታሪፍ፣ የዳንግላ የድንች ዋጋ፣ የጠፋ በሬና መታወቂያ፣ ያገኙትን ሁሉ ጻፉ። የሰፈሩ ሰው «እነዚህ ልጆች ሥራ ፈተዋል» ይል ነበር።

ሰው እንዲያነባቸው ያደረጉት ጋሼ ሙሉሰው ናቸው። ሚኒባሳቸውን ይዘው ከዳንግላ ሊነሱ ሲሉ ይደውላሉ። ጉሙ የት ላይ እንደወረደ፣ የትኛው ጋሪ መንገድ ላይ እንደተሰበረ፣ ድልድዩን ጎርፍ ነክቶት እንደሆነ አንድ በአንድ ይናገራሉ። «ጋዜጠኞቼ፣ በሉ ጻፉ» ነው የሚሉት። ቀድመው ማንበብ የጀመሩት ሹፌሮች ነበሩ፤ ከሹፌር ወደ ተሳፋሪ፣ ከተሳፋሪ ወደ ከተማው ሁሉ ተዛመተ።

በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ግን ከባድ ጥፋት አጠፉ። የእትዬ ሽቱ ልጅ መተማ ላይ መሞቱን ከአንድ የሩቅ ዘመድ ሰሙና «ነፍስ ይማር» ብለው ከነፎቶው አወጡት። እናቱ ገና አልሰሙም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ገበያ መሐል አንድ ባለባጃጅ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ስልኩን ሲያሳያቸው እትዬ ሽቱ ሊሸጡት በዘረጉት ጎመን ላይ ወደቁ። የፋና አባት አቶ እንየው ሰፈር ውስጥ መርዶ ሲነገር ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ሁለቱን እየነዱ ወስደው ከሴትዮዋ እግር ሥር አስቀመጧቸው። ፋና ያን ቀን ትዝ ሲላት አሁንም ፊቷን እፍረት ያቃጥላታል። በማግሥቱ ናታን ካርቶን ቆርጦ ከላፕቶፑ በላይ ለጠፈ፦ «መርዶ ሳይነገር ስም አይወጣም።» ከዚያ ወዲህ ናታን ይጽፋል፣ ፋና አንብባ ታጸድቃለች። ያለ ሁለቱ እጅ አንድም ነገር አይወጣም።

አሁንም ጽሑፉን ከፈተችው። «ሰበር ዜና» ይላል። የጋሼ ሙሉሰው ስም ከነፎቶአቸው አለ፤ ከመኪናቸው በር አጠገብ ቆመው ይስቃሉ። እንባዋ ስክሪኑ ላይ ጠብ አለ። ጣቷን ማጽደቂያው ላይ ልታሳርፍ ስትል የእረፍት ደወል ተደወለ፤ ዋጋዬም ሁለት ደብተር አቅፋ መጣች።

«ጠፋሽ እኮ፤ ሁሉንም ጽፌልሻለሁ። አቦ ስልክሽን አውሺኝ፣ አባቴ የሩጫ ጫማዬን ገዝቶልኝ እንደሆነ ልጠይቀው። ከዳንግላ ሳላመጣልሽ አልገባም ብሏል።»

ፋና ፊቷን ጠርጋ ትክ ብላ አየቻት። ማንም ሊወስዳት አልመጣም። ዋጋዬ ምንም አታውቅም። ናታን ዋሽቷል።

«ካርድ ጨርሻለሁ» አለች ፋና። እሷም ዋሸች። ውሸቱ እንዴት ቶሎ ከአፏ እንደወጣ ራሷን አስደነገጣት።

ዋጋዬ ዓይኗን አየቻት። «አለቀስሽ እንዴ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ሚኒባስ ተገልብጧል ሲሉ ሰማሁ። እናንተ ጽፋችሁታል አይደል? የማን ነው?»

«የማንም ስም አልወጣም።»

«ስሙ ሲወጣ ንገሪኝ። ከሌላ ሰው እንዳልሰማ።»

«እሺ» አለች ፋና።

ዋጋዬ ደብተሩን ሰጥታት ሄደች። ፋና ወዲያው ለአባቷ ደወለች። አቶ እንየው ነገሩን ሰምተዋል። ለዋጋዬ እናት ለወይዘሮ ፀጋነሽ የተነገራቸው ባለቤታቸው እግራቸውን መሰበራቸው ብቻ ነው። ከገጠር እህቶቻቸው እስኪደርሱ ይጠበቃል፤ መርዶው ነገ ማለዳ ይነገራል፤ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው አሏት።

«አባዬ፣ ይሄ ውሸት አይደለም?» አለች። «ሲወጣ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።»

«ሐዘንተኛ የሚደገፍበት ሰው አጠገቡ ሳይቆም ሐዘን አይጫንበትም፣ ልጄ። ውሸት ነው ካልሽም ለአንድ ሌሊት ተሸከሚው። እኛ ስንት ዓመት ተሸክመነዋል።»

የቀሩት ሦስት ክፍለ ጊዜዎች አላልቅ አሏት። ካልሲዋ ውስጥ ስልኩ ይነዝራል፤ ናታን ነው። ዋጋዬ ጎኗ ተቀምጣ እስኪብርቶዋን ትነክሳለች፣ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጫማ ትስላለች።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዋጋዬን እስከ ደጇ ሸኘቻት። ወይዘሮ ፀጋነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። «እግሩን ነው አሉኝ፤ ነገ ያመጡታል» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ዋጋዬ ቦርሳዋን ጥላ እናቷን አቀፈቻቸው። ፋና መቆም አልቻለችም፤ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ በፍጥነት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች።

ናታን በጠባቧ ክፍል ወዲያ ወዲህ ይላል። ሃያ ጊዜ ደውሎ አለማንሳቷን እያነሳ ተነጫነጨ። ሠላሳ ሺህ ተከታይ ያለው የፌስቡክ ገጽ «የሟቹን ማንነት እያጣራን ነው» ብሎ እንደለጠፈ አሳያት።

«ዋሸኸኝ» አለችው።

«ዋሸሁ። ነገ ሁሉም ሰው ያውቀው የለ? የአንድ ቀን ነገር ነው።»

«እኔም የምልህ ለአንድ ቀን ነው።»

ናታን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ጓደኞቼ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እስኪመጣ እየተዝናኑ ነው» አለ። «እኔ ማታ ማታ ያ ፈተና ያስባንነኛል። ውጤት ባይመጣልኝ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው፣ ፋና። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጉም ጻፍን። ዛሬ አንዴ ቀዳሚ ብንሆን ምን አለበት?»

«ስለ ጉሙ የነገሩን እኮ እሳቸው ናቸው።»

ናታን ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ይመለስ፣ አይመለስ ፋና አላወቀችም፤ ድረ ገጹ ዛሬ የሚያበቃለት መሰላት።

ብቻዋን ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ጠዋት ያለ ስም ካወጡት የአደጋው ዜና ሥር ሰው አስተያየት እየደረደረ ነው። አንዱ «ሹፌሩ የቆሰበር ሰው ነው አሉ» ብሎ ጽፏል፤ ሌላው «ስሙ በ‹ሙ› ይጀምራል» ብሏል። ሁለቱንም አጠፋቻቸው። ወዲያው ሌላ መጣ። በመጨረሻ አስተያየት መስጫውን ዘጋችው፤ ድረ ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ዘግተውት አያውቁም። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ የሌሎቹን ገጾች በየደቂቃው እየከፈተች አየች። የጋሼ ሙሉሰው ስም የትም አልወጣም። የእሷም ገጽ ከጠዋት ጀምሮ አንድ አዲስ ቃል አልጨመረም።

ማለዳ አቶ እንየው ነጠላቸውን አደግድገው ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጡ። ፋናና እናቷ ከኋላ ተከተሉ። በሩ ሲንኳኳ፣ ወይዘሮ ፀጋነሽ ሲከፍቱ፣ የቆመውን ሰው ብዛት ሲያዩ ማንም ቃል መናገር አላስፈለገውም። ከገጠር የመጡት እህቶቻቸው ከግራና ከቀኝ ያዟቸው። በአዊኛ የተጀመረው ሙሾ በአማርኛ ተቀጠለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ወጣ።

ከቀብር መልስ ዋጋዬ ፋናን በእጇ ጠርታ ከድንኳኑ ጥግ አስቀመጠቻት። ዓይኗ አብጧል። ፋና ከትላንት ጀምሮ ስትፈራው የነበረው ይህን ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለቻት። «እነግርሻለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ትላንት ከሰዓት አውቄው ነበር» አለች ዋጋዬ።

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ። በእናቴ ስልክ ገጻችሁን ከፈትኩት። በሬ ሲጠፋ የምትጽፉ፣ ጉም ሲወርድ የምትጽፉ ሰዎች ስለ መኪናው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልጨመራችሁም። አስተያየቱም ተዘግቷል። ያኔ አወቅሁ።»

ፋና እጇን ያዘቻት። ለምን ሳትጠይቃት እንደቀረች ጠየቀቻት።

«ብትነግሪኝ ፊቴ ላይ እማዬ ታየው ነበር። ሳልጠይቅ ግን ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ ራት አብልቼያታለሁ። እግሯን አጥቤያታለሁ። ነገ ይመጣል እያለች ተኛች።» ዋጋዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አሁን ስሙን አውጪው። ከተማው ከእናንተ ይስማ።»

ፋና ስልኳን አወጣች። የናታን ጽሑፍ እንደተቀመጠ ነው። ከላይ ያለውን «ሰበር ዜና» የሚለውን አጠፋችው። ቀጥሎ ያለውንም አንብባ ሁሉንም አጠፋችው፤ ፎቶው ብቻ ቀረ። ቀና ስትል ናታን ከድንኳኑ ማዶ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ሲያልፍ አየችው። ከማለዳ ጀምሮ ወንበር ሲያመላልስ ነበር፤ ወደ እነሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልቀረበም። የፋና ቁጣ ገና አልበረደም። ቢሆንም በእጇ ጠቀሰችው።

መጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ፤ ዋጋዬን ማየት አቅቶት መሬት መሬት ያያል። ፋና ስልኩን ዘረጋችለት።

«አንተ ጻፈው» አለችው። «እሷ ትንገርህ፤ እኔ አጸድቀዋለሁ።»

ናታን መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ተቀበለ። ከየት እንደሚጀምር ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ። ዋጋዬ የአባቷን ፎቶ ለጥቂት ጊዜ አየችው።

«ከዳንግላ ሊነሳ ሲል ይደውልላችሁ አልነበር?» አለችው። «ከዚያ ጀምር።»