የስምንት ሰዓቱ ገዢ

«ዛሬ ታዲያ በር ላይ ማን ይቆምልሻል?»

ልጇ ይህን ስትጠይቃት ዝናሽ ሻሿን አሰረች፣ ፈታች፣ እንደገና አሰረች። ማርቲ ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አንግታ ትጠብቃለች። ባዶ ቤት፣ የማያውቁት ወንድ፣ ብቻን መሄድ።

ዝናሽ የቤት ደላላ ናት። ሥራውን ያስተማረቻት ሳሕራ የምትባል፣ ድሬን በአራት ቋንቋ የምታውቅ ሴት ነበረች። ቤት ለማሳየት ሁለቱ አብረው ነበር የሚሄዱት። ገዢ ይቅደም፣ አሳዪዋ ትከተል፤ መኝታ ቤት በሩ ላይ ቁሚ እንጂ አትግቢ፤ ቁልፉን ከእጅሽ አትለዪ፤ አንዳችን ውስጥ ስንሆን አንዳችን ደጅ። ይኼ የሳሕራ ሕግ ነው። እሷ ስትገባ አንድ ጫማዋን አውልቃ ደፉ ላይ ትተው ነበር፣ በሩ እንዳይዘጋ። እንግዳው አክብሮት እየመሰለው ደስ ይለዋል። ታዲያ ሳሕራ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ጅግጅጋ ልጇ ዘንድ ከሄደች ወዲህ፣ በር ላይ የምትቆመው ማርቲ ሆነች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ልጅ ናት እኮ።

መዘዙ ትምህርት ቤት ደረሰ። ስድስት ቀን ቀርታለች። የዛሬው የስምንት ሰዓት ፈተና ካመለጣት ክፍል እንደምትደግም የክፍል ኃላፊዋ እናቷ ባለችበት ነግረዋታል። የዛሬው ገዢም ስምንት ሰዓት አለ። ዝናሽ ጧት ይሁንልኝ ብላ ለምናዋለች፤ እሱ ግን ከዚያ ሰዓት ውጪ አይመቸኝም፣ ሰው ማብዛትም አልወድም አለ። ስምንት ሰዓት ድሬ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት፣ የሚቅመው የሚቅምበት፣ የቀረው የሚተኛበት ሰዓት ነው። ቢጮኹ ማን ይሰማል?

«እማ፣ ሰው ማብዛት አልወድም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ የደወለልኝ ገዢ እሱ ብቻ ነው» አለች ዝናሽ። «ሁሉን ከጠረጠርኩ ምን ሠርቼ ላሳድግሽ? አንቺ ሄደሽ ተፈተኚ።»

ይህን ብላ ወጣች። ማርቲም መንገድ ዳር የሚቆመው የሮብሌ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሮብሌ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚያውቃት ጎረቤት ነው፤ ካልቀለደ አይነዳም። ከመቅረትሽ ብዛት አስተማሪዎቹ ረስተውሽ ዛሬ እንደ አዲስ ተማሪ እንዳይመዘግቡሽ አላት። አልሳቀችም። መገንጠያው ጋ ሲደርሱ የሚታየው ቤት ወዳለበት ወደ ሳቢያን እንዲያዞር ነገረችው።

«አቦ፣ ትምህርት ቤቱ ሳቢያን ገባ እንዴ?»

ፊቷን በመስታወቱ አየና አዞረ። ከቤቱ ፊት ለፊት አውርዷት፣ ቀፊራ ገበያ የሚጠብቁት ሰዎች ስለነበሩ ወዲያው ተመለሰ። መንገዱ ላይ አንድም ሰው አይታይም።

የግቢው በር ገጥሟል እንጂ አልተቆለፈም። ማርቲ ገፍታ ገባች። እናቷ ሳሎን ውስጥ ቁልፉን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከውስጠኛው መኝታ ቤት የወንድ ድምፅ ይሰማል። መስኮቱ አልከፈት ስላለው መጥታ እንድትከፍትለት ነው የሚጠራት። ማርቲ ያን መስኮት ታውቀዋለች፤ በአንድ ጣት የሚከፈት ነው። ወጥ ቤቱንም ከቆመችበት አየችው። የድሬ ገዢ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ቧንቧ መክፈት ነው፣ ከቤቱ በፊት የሚጠየቀው ውኃው ነውና። የዚህ ቤት ቧንቧ ግን አቧራው እንኳ አልተነካም።

«እማ፣ መጣሁ» አለች፣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ።

ሰውየው ወጣ። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ፊቱ ትሑት ነው። ዩኒፎርሟን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ልጄ ናት፣ አብራኝ ነው የምትሠራው» አለች ዝናሽ።

«ዛሬ ትምህርት የለም?» አለ ፈገግ ብሎ። «ልጅን ከትምህርት ገበታ ማስቀረት ነውር አይደለም እንዴ፣ እህቴ?»

ነውር ነው። እውነቱን ነው፣ ዝናሽን አንገት ያስደፋትም ይኸው ነው። ስልኳን አየች። ስምንት ሰዓት ከአሥር ሆኗል።

«ሂጂ ማርቲዬ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ አታጪም፣ ትደርሻለሽ። እኔ እጨርሳለሁ።» ይህን ስትል ከግድግዳው አልተላቀቀችም።

ማርቲ ሁለቱን አየቻቸው። ሰውየው እውነተኛ ገዢ ሊሆንም ይችላል፤ ፀጥታ የሚወድ፣ ገንዘብ ያለው፣ መስኮት መክፈት የማያውቅ ሰው። ከሆነ ቆማ ታስቀይመዋለች፣ ቤቱም ሳይሸጥ ይቀራል፣ የእናቷም ድካም ከንቱ ይሆናል። ካልሆነስ? የሰውን ልብ እግዜር ይወቀው እንጂ ማን ያውቀዋል? ያም ሆነ ይህ ፈተናው ተጀምሯል። የመጪው ዓመት ክፍል፣ ከእሷ የሚያንሱ ልጆች፣ ያው አግዳሚ ወንበር ታያት።

ወደ በሩ ሄደች። አልወጣችም ግን። ደፉ ላይ ተቀመጠች፣ የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ቀስ ብለው ይዩ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «እኔ እዚህ ነኝ።»

የሰውየው ፈገግታ ጠፋ። ወጥ ቤቱን አላየም፣ ዋጋ አልጠየቀም፣ ወደ ዝናሽም አልዞረም። ማርቲ እንዲያልፍ እግሯን ሰበሰበችለት። ተራመዳትና ወጣ።