የባላምባራስ ክንዴ ሦስት ጥይት

ብዋሽ ዘንገና ሐይቅ ከነጫማዬ ይዋጠኝ፤ ይህ የምጽፈው ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው።

ሰኔ ፲፱፻፷ ዓ.ም. ነበር። ጎጃም በእርሻ ግብር ነገር ሲታመስ፣ በአገው ምድር ዝናቡ ሌላ ጣጣ ሆኖ፣ የቆሰበር መንገድ በቅሎ የሚውጥ ጭቃ ነበር፤ ከሰጠመች በቅሎ ጆሮዋን ብቻ ያዩ ሰዎች አሉ። በዚያ ጭቃ ነው የአጥቢያው ዳኛ ግራዝማች ነጋ መዝገብ አሸክመው ግምጃ ቤት አጠገብ ካለች መንደር የደረሱት፤ ጠመንጃ ያለው ሁሉ አምጥቶ ቁጥሩን ያስጽፍ፤ ደብቆ የተገኘ ብረቱ ይወረሳል፣ እሱም ሁለት ዓመት ይታሰራል ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አወጁ።

የአርበኛው የባላምባራስ ክንዴ ልጅ ደርበው ተነሣ።

«ጌታዬ ግራዝማች፣ ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?»

«መንግሥት ሰው በእጁ የያዘውን ማወቅ አለበት።»

«አባቴ ምንሽሩን ከጣልያን ሲማርክ መንግሥት ባሕር ማዶ ነበር፤ የጠበቀን ያ ብረት ነው። ቁጥሩን የጻፈ የት እንዳለ ያውቃል፤ የት እንዳለ ያወቀ በፈለገ ቀን ይወስዳል። ከዚያ ወዲያ መሬቴን ሊለኩ ሲመጡ በምን ልመልሳቸው፣ በማረሻ?»

ሰው ሳቀ፤ ግራዝማች አልሳቁም።

«አንተ አፈኛ! ይህን ያህል የምትሟገትለት ምንሽር ታዲያ የት አለ?»

ደርበው ደነገጠ። «ተሽጧል» አለ።

«ማል!»

ወንጌል መትቶ ማለ፤ ቤቱ እንደ ገባም ምንሽሩን በጥጃ ቆዳ ጠቅልሎ ከድንች ማሳው ቀበረ።

ነሐሴ ሲጋመስ ባላምባራስ አልጋ ያዙ። የአገሩ ወግ ነውና፣ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተተኩሶ ነው የሚሸኘው።

«ደርበው፣ ብረቴ ሳይጮህ አፈር እንዳታለብሰኝ፤ ሰማህ?»

«ሰማሁ፣ አባቴ።»

በሐሰት ምሎ ብረቱን መቅበሩን ሳይነግራቸው ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ግራዝማች ነጋም ከሁለት ነጭ ለባሽ ወታደሮች ጋር ተገኙ። ፈረሱ ባዶ ኮርቻውን ይዞ ሲዞር፣ የደርበው እኅት እታለማሁ ደረቷን እየመታች ሙሾውን አወረደችው፦

«አባቴ፣ ፈረስህ መጣ፤ ብረትህን ማን በላው? ድንች ሲኮተኩት የኖረ ሰው መሰልህ፣ አባቴ!»

ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ደርበው ወደ ግራዝማች ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ ለአንድ አፍታ ፊትዎን ያዙሩልኝ፤ ከቀብሩ በኋላ እኔንም ብረቱንም ይውሰዱ።»

«ያስማልሁህ እኔ ነኝ፣ ደርበው። ብታወጣው አስርሃለሁ፤ ባታወጣው አላየሁም፣ አልሰማሁም። አባትህ እንደሆኑ አይሰሙ፤ ልጆችህን አስብ።»

አሰበ። አምስት ልጆች፣ ያልታጨደ ገብስ፣ በሐሰት የተመታ ወንጌል። ከዚያም የአባቱን አስከሬን አየ።

«እንግዲያው አይተው ይሰሩኝ» አለና ዶማ አነሣ።

ሕዝብ እያየው ማሳውን ቆፈረ፤ የበሰበሰውን ቆዳ በጥፍሩ ገፈፈ፤ ምንሽሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስተኛዋ ስትጮህ ዳንግላ የቆሙ የጋሪ ፈረሶች ደንብረው ገበያውን በታተኑት ይባላል። ከዚያ ብረቱን አስረክቦ፣ ሁለት እጁን ለገመድ ሰጠ። ሁለት ክረምት ማሳው ጦም አደረ፤ ሲፈታ ከበሬዎቹ አንዱም አልጠበቀውም።

ታሪክ ያን ዘመን በግብሩና በዐመፁ ያስታውሰዋል። ስለ ደርበው የቀረችው በግራዝማች መዝገብ ያለች አንዲት መሥመር ናት፦ «ምንሽር አንድ፤ የማይተኩስ።»

መዝገቡ ከተነሣ አይቀር ልናዘዝ፤ ጥይቱን የጨመርሁት እኔ ነኝ። የክረምቱ ውኃ ብረቱን በልቶት ነበር፤ ደርበው ሦስት ጊዜ ቃታ ሳበ፣ ሦስቱንም ጊዜ ድምፅ አልወጣም። ለቀስተኛው ግን፣ ባላምባራስ እንዳያፍሩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮውን ይዞ ደነገጠ፤ ግራዝማች ነጋም ሳይቀሩ።